መርፌው እጅ ላይ፣ ሕመሙ ጥርስ ላይ

ቻይና ተምሬ የመጣሁ የጥርስ ሐኪም መሆኔን የሰማ ታማሚ፣ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ «ዶክተር፣ ቻይኖች የጥርስ ሕመምን በመርፌ ያድናሉ የሚባለው እውነት ነው?» ጥያቄው ቁም ነገር ያለው ነውና በቁም ነገር እመልሳለሁ። መርፌው ሕመሙን ማስታገስ ይችላል፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጥናትም የሚደግፈው ነገር አለ። የተቦረቦረውን ጥርስ ግን አይሞላም፤ ከሥሩ የቋጠረ መግል ካለም አያወጣውም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ያልያዘ ሰው ወይ ጥሩ እርዳታ ያመልጠዋል፣ ወይ ጥርሱን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን፣ አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዘመን፣ በምሥራቅ ቻይና በቺ ግዛት፣ ቹንዩ ዪ የሚባል ሐኪም ነበር። ያከማቸውን ሰዎች ሕመምና ሕክምና መዝግቦ ይይዝ ስለነበር፣ ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን የሐኪሙን መዝገብ በትልቁ የታሪክ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል። ከታማሚዎቹ አንዱ ጥርሱ የተበላ ሹም ነው። ቹንዩ ዪ በመጀመሪያ፣ ቻይኖች በሰውነት ውስጥ ያልፋሉ ከሚሏቸው መስመሮች አንዱ በሆነው በግራው «ያንግሚንግ» ላይ ተኮሰው። ቻይኖች ለዚህ ሥራ አድርቀው የሚያነዱት ቅጠል ከእኛ ጭቁኝ ጋር አንድ ወገን ነው። ቀጥሎ ኩሸን የተባለ መራራ ሥር አፍልቶ በቀን ሦስት ሼንግ፣ በዛሬ ልክ 600 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ እንዲጉመጠመጥበት አዘዘው። ሹሙ በአምስት ስድስት ቀን ዳነ። ሐኪሙ የሕመሙን መንስኤ ሲጽፍ ነፋስ፣ አፍ ከፍቶ መተኛትና በልቶ አለመጉመጥመጥ ነው ብሏል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። አፉን ከፍቶ የሚያድር ሰው ምራቁ ይደርቃል፤ ጥርስን ከአሲድ የሚጠብቀው ደግሞ ምራቅ ነው። በልቶ አፉን የማያጠራ ሰው ጥርሱ ላይ የቀረውን ምግብ ባክቴሪያ ወደ አሲድ ይለውጠዋል። ሰውየው ስለ ባክቴሪያ ምንም ሳያውቅ፣ ታማሚዎቹን አተኩሮ በማየት ብቻ፣ እኔ ዛሬ ለታማሚዎቼ የምነግረውን ግማሹን ደርሶበታል።

በ1973 ደግሞ ቻንግሻ ከተማ አጠገብ ማዋንግዱዪ በሚባል ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 የተዘጋ መቃብር ሲከፈት፣ በሐር ላይ የተጻፉ የሕክምና ጽሑፎች ተገኙ። ከእነሱ አንዱ በሰውነት ውስጥ የሚያልፉ አሥራ አንድ መስመሮችን ይዘረዝራል። አንደኛው መስመር ስሙ «የጥርስ መስመር» ነው። ከአውራ ጣትና ከሌባ ጣት ይነሣል፣ በክንድ ይወጣል፣ በክርን ያልፋል፣ ጉንጭን ሰንጥቆ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ መተኮስ ነው፤ ስለ መርፌ አያነሣም። ሆኖም ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ጥርሱን ያመመው ቻይናዊ ዛሬም መርፌ የሚወጋው እዚያው አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል ነው። ቦታው ኸጉ ይባላል። ሁለቱን ጣቶች ስታገጣጥሙ በእጃችሁ ጀርባ ላይ ጉብ የሚለው ሥጋ ነው፤ አሁኑኑ ጠንከር አድርጋችሁ ብትጫኑት ድንዝዝ የሚል ሕመም ይሰማችኋል።

የጥንቱ ሁሉ ግን ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በዔሊ ቅርፊትና በአጥንት ላይ በተቀረጸው የቻይና ጽሑፍ፣ የተበላ ጥርስ የሚጻፈው ጥርስ ውስጥ ትል ተሥሎ ነው። በእኛም ሀገር ጥርስን የሚበላው ትል ነው፣ በጭስም ይወጣል የሚል ልማድ አለና ሐሳቡ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሐኪሙ ጃንግ ጆንግጂንግ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 አካባቢ ለዚህ «ትል» የጻፈው መድኃኒት አርሰኒክ ያለበት ቀይ ማዕድን ከአሳማ ስብ ጋር ቀልጦ፣ በጥጥ በተጠቀለለ እንጨት ጥርሱ ላይ የሚነካ ነው። አርሰኒክ የጥርስን ነርቭ ስለሚገድል ሕመሙ በእውነት ይጠፋል። በ19ኛው መቶ ዘመን የምዕራብ የጥርስ ሐኪሞችም ለዚሁ ሥራ ተጠቅመውበታል። ዛሬ የተተወው ከጥርሱ አምልጦ ድድና የመንጋጋ አጥንት ስለሚያበሰብስ ነው።

እኔ የተማርኩት ቼንግዱ ነው። ካናዳዊው የጥርስ ሐኪም ሊንዚ በ1907 መጥቶ ክሊኒክ የከፈተባት፣ የቻይና ዘመናዊ የጥርስ ሕክምና የተጀመረባት ከተማ ናት። ትምህርታችን በአብዛኛው እዚህ ከሚሰጠው የተለየ አልነበረም፤ መሰርሰሪያ፣ ራጅ፣ ማደንዘዣ ነው። ነገር ግን የባህል ሕክምና ክፍሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበርና አንዲት መምህርታችን ደጋግማ ትወስደን ነበር።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ክረምት ነው፤ የቼንግዱ ብርድ እርጥበት ስላለው አጥንት ውስጥ ይገባል። የመጣው ሰው ሃምሳ ዓመት ያለፈው የታክሲ ሹፌር ነው። የቀኝ የታች መንጋጋው ሌሊቱን ሲያሰቃየው አድሯል። ሊነቀልለት ሲል የደም ግፊቱ ሲለካ በጣም ከፍ ብሎ ስለተገኘ፣ ግፊቱ እስኪወርድ ቀጠሮ ተሰጠው። እስከዚያ ግን ሕመሙን ምን ያድርገው? መምህርታችን አስቀመጠችውና የግራ እጁን ያዘች። ግራ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም፤ በእነሱ አስተምህሮ መስመሩ ከአፍንጫ በታች ስለሚሻገር የቀኝ ጥርስ በግራ እጅ ይታከማል።

ቆዳውን በአልኮል ጠረገች። የአውራ ጣቷን ጥፍር ኸጉ ላይ ጫን አድርጋ በጥፍሯ ጎን መርፌውን አንድ ጊዜ ሰደደችው። መርፌው 0.30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ባዶ ቀዳዳ የሌለው፣ ለመድኃኒት መስጫ ከምናውቀው መርፌ እጅግ የቀጠነ ነው፤ ሲገባ ደም የለም። ከዚያ በሁለት ጣቷ ይዛ ወዲህና ወዲያ ቀስ አድርጋ ታሽከረክረው ጀመር። ሹፌሩ ቅንድቡን ሰበሰበ። «ሺፉ፣ ይከብዳል? ይደነዝዛል?» አለችው፤ ሺፉ እዚያ ሹፌርና ባለሙያ የሚከበርበት መጠሪያ ነው። «እስከ ክርኔ ወጣ» አለ። ያን ጊዜ እጄን ይዛ መርፌው ላይ አስነካችኝ። ሥጋው መርፌውን ጨምድዶ ይዞታል፤ እንደ ልብ አይዞርም። ሐኪሞቹ የሚጠብቁት ይህንን ነው፤ ይህ ካልተሰማ መርፌው ቦታውን አላገኘም ይላሉ። ቀጥላ «ጥርስዎን ይግጠሙ» አለችውና መንጋጋው ማዕዘን ላይ ጡንቻው ሲያብጥ እዚያ ሁለተኛ መርፌ አደረገች። ይህኛው ቦታ ጂያቸ ይባላል። ሌላም ከጆሮ ፊት ለፊት፣ ከጉንጭ አጥንት ሥር፤ ሺያጓን ነው። ለላይ ጥርስ ቢሆን ኖሮ እግር ላይ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጣት መካከል፣ ነይቲንግ የሚባለውንም ትጨምር ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። በየመካከሉ መርፌዎቹን ታሽከረክራቸዋለች። ሰውየው መጀመሪያ መንጋጋውን በመዳፉ ደግፎ ነበር፤ እየቆየ እጁን አወረደ፤ ከዚያ ከእኛ ጋር ስለ መንገድ መዘጋጋት ማውራት ጀመረ። ሲጨርስ «ዳንኩ!» ብሎ ብድግ አለ። መምህርታችን የተናገረችውን እስከ ዛሬ ለታማሚዎቼ እደግመዋለሁ፦ «ሺፉ፣ የሄደው ሕመሙ ነው። ጥርሱ እዚያው ነው። ዛሬ ማታ ሊመለስብዎ ይችላል፤ ቀጠሮዎን እንዳይተዉ።»

ለምን ግማሽ ሰዓት? ይህን ከመረመሩት ሰዎች ዋነኛው ሃን ጂሼንግ ነው፤ ቤጂንግ ውስጥ ከ1965 ጀምሮ ዕድሜውን ለዚህ የሰጠ የፊዚዮሎጂ ሊቅ። የበጎ ፈቃደኞችን ኸጉ እየወጋ፣ በተለያየ የሰውነታቸው ክፍል ሕመምን ምን ያህል እንደሚችሉ ለካ። የመቻል አቅማቸው ቀስ በቀስ አድጎ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ መርፌው ከወጣ በኋላ ደግሞ በየ16 ደቂቃው በግማሽ እየቀነሰ ይጠፋል። ይህ ፍጥነት እንደ ኤሌክትሪክ ማብሪያ የሚሠራ ነገር አይመስልም። በሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚመነጭና ቀስ ብሎ የሚወገድ ኬሚካል መኖሩን ይጠቁማል። በ1977 አሜሪካ ውስጥ ሜየርና ባልደረቦቹ ጉዳዩን በቀጥታ በጥርስ ላይ ፈተኑት። በፈቃደኞች ጥርስ ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ እየላኩ ሕመም ሲፈጥሩ፣ ኸጉ መወጋቱ ሕመሙን ቀነሰው። ከዚያ ናሎክሶን ሰጧቸው፤ ሞርፊን የሚሠራበትን ቦታ የሚዘጋ መድኃኒት ነው። የመርፌው ጥቅም ጠፋ። አንጎል ራሱ የሚያመነጫቸው ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገሮች፣ ኤንዶርፊኖች፣ ሥራው ውስጥ አሉበት ማለት ነው። በኋላ የደገሙት ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት ባያገኙም፣ መርፌ በሰውነት ውስጥ የሚለካ ነገር እንደሚያደርግ መካድ ከዚያ ወዲህ አስቸጋሪ ሆኗል።

ሕመምተኛ ላይስ? የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ1997 የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ፣ አኩፓንክቸር፣ ማለትም ይህ የመርፌ ሕክምና፣ ተስፋ ሰጪ ውጤት ካሳየባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ከጥርስ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው ብሏል። በ1999 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርሳቸው የተነቀለላቸውን 39 ሰዎች ከሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ በእውነት ተወጉ፤ ለሌሎቹ የተወጉ እንዲመስላቸው ተደረገ። በእውነት የተወጉት በአማካይ 173 ደቂቃ ያለ ሕመም ቆዩ፤ ሌሎቹ 94። ከአንድ ሰዓት በላይ ልዩነት ነው፤ መንጋጋው ተሰንጥቆ ለወጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከዚሁ ቡድን በ2005 የወጣ ሌላ ጥናትም አለ፤ እኔ ይህኛውን ሳልጨምር ያኛውን አልናገርም። ሰዎቹ የተወጉት በእውነት ይሁን በማስመሰል ከሚያመጣው ልዩነት ይልቅ፣ በእውነት ተወግቻለሁ ብለው ማመናቸው ሕመማቸውን ቀንሶት ተገኘ። እምነት ሕመምን ይቀንሳል። ይህ አኩፓንክቸርን ዋጋ አያሳጣውም፤ ሕመም በአንጎል ውስጥ የሚሠራ ነገር ስለሆነ የታማሚው ተስፋና የሐኪሙ እርጋታ የሕክምናው አካል ናቸው። ለባክቴሪያ ግን ተስፋም እርጋታም ምንም አያደርገውም፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለእኔ ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመኝ ሌላ ነገር ነው። ነርቩ ክፉኛ የተቆጣ የታች መንጋጋ በተለመደው ማደንዘዣ አልደነዝዝ ብሎ ያስቸግራል፤ የትኛውንም የጥርስ ሐኪም ጠይቁ። ታማሚው ከንፈሩ ደንዝዞ ጥርሱ ግን አሁንም ያመዋል። በ2015 ኢራን ውስጥ የተሠራ ጥናት ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት ኸጉን መውጋት ይረዳ እንደሆነ መረመረ። በተወጉት 60 ከመቶ፣ ባልተወጉት 20 ከመቶ ማደንዘዣው ሠራ። የተሳተፉት ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ እዚህ ላይ ብዙ መገንባት አይቻልም። ቢሆንም መርፌው ከማደንዘዣ ጋር ጎን ለጎን እንጂ በእሱ ፈንታ እንዳልገባ ልብ በሉ። ቻይና በ1958 ሻንጋይ ላይ በመርፌ ብቻ ቶንሲል አውጥታ፣ ቀጥሎም ጥርስ መንቀል ጀምራ፣ በባህል አብዮቱ ዘመን ለዓለም ብዙ አውርታለች። ዛሬ በቻይና ሆስፒታሎች ጥርስ የሚነቀለው እኛ በምንጠቀምበት ዓይነት ማደንዘዣ ነው።

አሁን ወደ ቅጠሉና ሥሩ ልምጣ። የቻይና የባህል ሐኪም የጥርስ ሕመምን እንደ አንድ በሽታ አያይም። ድዱ ቀልቶ ያበጠ፣ አፉ የሚሸት፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስመኘው፣ ሆዱ የደረቀ፣ ምላሱ ላይ ቢጫ የጋገረበት ሰው «የጨጓራ እሳት» አለበት ይባላል። ሕመሙ ድንገት መጥቶ በሙቀት የሚብስ ከሆነ የነፋስና የእሳት ነው። ሽማግሌ ሆኖ ጥርሱ የሚነቃነቅ፣ ወደ ማታ ላይ ቀስ ብሎ የሚጠዘጥዘው ከሆነ ደግሞ ኩላሊቱ ደክሟል ይሉታል፤ ምክንያቱም በእነሱ ትምህርት አጥንትን የሚገዛው ኩላሊት ነው፣ ጥርስም የአጥንት ትርፍ ነው። እነዚህ ስሞች ከራጅ ምስል ጋር አንድ ለአንድ አይገጥሙም። ግን መምህርታችን ታማሚውን ስትጠይቅ የምትሰበስበው ነገር፣ ማለትም ሙቅ ነው ቀዝቃዛ የሚያብሰው፣ ማታ ነው ቀን፣ ድዱ ነው ጥርሱ፣ እኔም የምጠይቀው ነው።

ለጨጓራ እሳት የሚታዘዘው ዋናው መድኃኒት ቺንግ ዌይ ሳን ነው፤ ከ1180 እስከ 1251 የኖረው ሊ ዶንግዩዋን ያዘጋጀው። አምስት ነገር አለው፦ እንደ እርድ ቢጫ የሆነው እጅግ መራራው ኋንግሊየን፣ የሼንግዲ ሥር፣ የሙዳንፒ ልጣጭ፣ ዳንግጉዪ እና ሼንግማ። ቼንግዱ ከቤቴ አጠገብ ከነበረው የመድኃኒት ቤት ሲገዙ አይቻለሁ። ግድግዳው በሙሉ ትንንሽ የእንጨት መሳቢያ ነው፤ ባለመድኃኒቱ በእጁ የሚያንጠለጥላት ሚዛን ላይ እየቆነጠረ ይመዝንና በወረቀት ይጠቀልላል። ቤት ወስደው በሸክላ ማሰሮ ያፈሉታል። ይህን መድኃኒት ሲጠጡት እንዲቀዘቅዝ ይጠብቃሉ፤ የጥንቱ ትእዛዝ እንደዚያ ነው። ኋንግሊየን ውስጥ ያለው ቤርቤሪን በቤተ ሙከራ ባክቴሪያ እንደሚያዳክም ተረጋግጧል። ነገር ግን ደም ሥሩ በሞተ ጥርስ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ ጋ የተጠጣ መድኃኒት አይደርስም፤ አንቲባዮቲክም እንኳ አይደርስም። መድረሻው የእኔ መሰርሰሪያ ነው።

ከእነዚህ ይልቅ አፍ ውስጥ የሚያዙት መድኃኒቶች ሥራቸው ግልጽ ነው። ቅርንፉድን እናቶቻችን ያውቁታል። በቻይናም በጥንቱ የሃን ሥርወ መንግሥት ሹማምንት ንጉሡ ፊት ሲናገሩ አፋቸው እንዳይሸት ይይዙት ነበር። ውስጡ ያለው ዩጂኖል ነርቭን ያደነዝዛል፤ ዛሬም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰን ጊዜያዊ ሙሌት እናደርገዋለን። የሲቹዋን ምግብ የቀመሰ ሰው ደግሞ ኋጂያዎን አይረሳም፤ በርበሬ ይሉታል እንጂ የሚያቃጥል አይደለም፣ ከንፈርን ያንቀጠቅጣል። የለንደን ተመራማሪዎች በ2013 ንዝረቱን ለክተው በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ሆኖ አግኝተውታል። ቻይኖች በጥንት ለታመመ ጥርስ ይህን ፍሬ ይነክሱ ነበር። ሁለቱም ለአንድ ሌሊት ያህል ጥሩ ናቸው። የቅርንፉድ ዘይት ግን ንጹሑን ድድ ላይ ካፈሰሱት ያቃጥላል። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግም እንዲሁ፤ በዚህ ምክንያት ድዳቸው ነጭ ሆኖ ተልጦ የመጡ ሰዎች አክሜያለሁ።

አደገኛ የሆኑትን ደግሞ በስማቸው ልጥራ። ሺሺን የሚባለው ሥር ምላስን ስለሚያደነዝዝ በብዙ የጥርስ መድኃኒት ውስጥ ይገባል። ወገኑ አሪስቶሎኪክ አሲድ የያዙት ዕፅዋት ነው፤ ይህ አሲድ ኩላሊትን ይገድላል፣ ካንሰርም ያመጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ለክብደት መቀነሻ በተሰጠ የቻይና ዕፅ ውስጥ አንዱ ሥር በሌላ አሪስቶሎኪክ አሲድ በያዘ ሥር ተተክቶ ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸውን አጥተዋል። አሲዱ በሺሺን ቅጠልና ግንድ ላይ ስለሚበዛ ቻይና ራሷ በ2005 ሥሩ ብቻ ሥራ ላይ እንዲውል ደንግጋለች። ኒዮኋንግ ጂየዱ የተባለው፣ በየመድኃኒት ቤቱ በርካሽ የሚሸጠው የጥርስና የጉሮሮ ክኒን ደግሞ ከላይ ያነሣሁት አርሰኒክ ያለበት ቀይ ማዕድን ይገባበታል። ዳንግጉዪ ከደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ መድማትን ያብሳል። ለነፍሰ ጡር ኸጉ አይወጋም፤ ማሕፀንን ያነሣሣል የሚል የቆየ ክልከላ ስላለ መምህራኖቼ በጥብቅ ይጠብቁታል፣ እኔም እጠብቃለሁ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የቻይናን ዕፅ ለማጣጣል አይደለም። ከጭቁኝ ወገን ከሆነችው ቺንግሃዎ የወጣው አርቴሚሲኒን ለቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል፤ ኮአርተም ሆኖም በቆላው ሀገራችን የስንቱን ወባ አድኗል። ያ የሆነው ግን ዕፁ ተመርምሮ፣ ፍሬ ነገሩ ተለይቶ፣ መጠኑ ታውቆ ነው።

ጓንግዡ እየተመላለሰች ልብስ የምታመጣ አንዲት ነጋዴ የመጣችበትን ቀን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። አገጯ ሥር አብጦ ድምፅዋ ተቀይሯል፣ አፏን ከሁለት ጣት በላይ መክፈት አልቻለችም።

«እትዬ፣ መቼ ነው የጀመረሽ?»

«ኧረ ዶክተርዬ፣ ተሽሎኝ ነበር እኮ! መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት ያመኝ ነበር፤ ቀዝቃዛ ውሃ አፌ ውስጥ ስይዝ ነው የሚተወኝ። እዚያ መርፌ ወጉኝ፣ ክኒንም ገዛሁ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ፤ ወር ያህል ምንም የለም።»

ይህች ሴት የተናገረችው የጥርስ ነርቭ አሟሟት ታሪክ ነው። ጥርስ ውስጥ ነርቭና ደም ሥር ያለበት ለስላሳ አካል አለ። ባክቴሪያ ሲደርስበት ይቆጣል፣ ማበጥ ይፈልጋል፤ ዙሪያው ግን ጠንካራ ግድግዳ ስለሆነ ማበጫ ቦታ የለውም። የሌሊቱ ጩኸት ከዚህ ይመጣል። ስንተኛ ወደ ራሳችን የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ያብሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ግፊቱን ስለሚቀንስ ያስታግሳል። ግፊቱ ከበረታ ደም መግባቱን ያቆምና ነርቩ ይሞታል። የሞተ ነርቭ አያምም። ታማሚው ተሻለኝ ይላል፣ መርፌውን ወይም ክኒኑን ያመሰግናል፤ ባክቴሪያው በሞተው ሥጋ ውስጥ ያለ ከልካይ ይረባና በሥሩ ጫፍ ወጥቶ አጥንት ውስጥ መግል ይቋጥራል። ከታች መንጋጋ ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ሲወርድ የአየር ቧንቧን ይዘጋል። ነጋዴዋን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ላክኋት፤ መግሉ በቀዶ ወጥቶላት፣ ጥርሱም ተነቅሎ ተረፈች። ከምላስ ወይም ከአገጭ ሥር እብጠት፣ ትኩሳት፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት አለመቻል ካለ ሌሊት ቢሆንም ጠዋትን መጠበቅ አይገባም።

እንግዲህ መርፌው የት ይጠቅማል? ጥርሱ ጤነኛ ሆኖ የመንጋጋ መገጣጠሚያና የማኘኪያ ጡንቻ ሲያም፣ በተለይ ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ላይ፣ ጂያቸና ሺያጓን ጥሩ እፎይታ ሲሰጡ አይቻለሁ። ከተነቀለ በኋላ ላለው ሕመም፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ለማይስማማው የጨጓራ ታማሚ፣ መስተዋት አፉ ሲገባ ለሚያስመልሰው፣ የጥርስ ወንበር ሲያይ ልቡ ለሚመታ ሰው አብሮ ቢሰጥ ደስ ይለኛል። ከሁሉ በፊት ግን ራጅ ይነሣ፤ ሕመሙ ከጥርስ ይሁን ከጡንቻ ሳይታወቅ መርፌ አይጀመር።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሄናን ክፍለ ሀገር የሚላኩ የቻይና ሐኪሞች ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ እየተመላለሱ ኖረዋል፤ አቃቂ ቃሊቲ ባለው በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የአኩፓንክቸር ሕክምና ሲሰጡም ቆይተዋል። ወደ የትም ብትሄዱ የሚወጋችሁ ሰው ሕክምና የተማረ መሆኑን ጠይቁ፤ መርፌው ታሽጎ የመጣና ዓይናችሁ እያየ የሚከፈት፣ ከእናንተ በኋላም የሚጣል መሆኑን አረጋግጡ። የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ በመርፌ ይተላለፋሉ።

ከጓንግዡ ወይም ከዱባይ ዘመድ ያመጣላችሁን የጥርስ ክኒን የምትወስዱ ደግሞ፣ ስትመጡ ካርቶኑን ይዛችሁልኝ ኑ። ውስጡ ምን እንዳለ በቻይንኛ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ አብረን እናነበዋለን።